የት አየኸው በሉት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ ወደዚህ ወደ አራት ኪሎ የመጣሁት ከፒያሳ በእግሬ ነው። መንገድ ላይ የፒያሳን ስም በእንግሊዝኛ የጻፉ ታፔላዎች አየሁ። አንዱ በሁለት ኤስ ጽፎታል፣ ሌላው በሁለት ዜድ። ግራ የተጋባ ሰው ግን አላየሁም።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በእንግሊዝኛ ድርሰት ጻፍኩ። ከለር የሚለውን ቃል ያለ ዩ ጻፍኩት። አጎቴ ከአሜሪካ የላከልኝ የከለር እርሳስ ካርቶን ላይ እንደዚያ ነበራ! መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ ከበበው፣ ኤክስ አደረገበት። ከዚያ ተማሪው ሁሉ እያየ ሰሌዳው ላይ አሥር ጊዜ አስጻፈኝ። ካርቶኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ላሳየው ፈለግኩ፣ ግን ፈራሁ። ዛሬም ደብተር ሳርም ያ ካርቶን ትዝ ይለኛል።

ያቺ ዩ ታሪክ አላት። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ለንደን ላይ ባሳተመው መዝገበ ቃላት ውስጥ አለች። ኖኅ ዌብስተር ደግሞ በ1828 ባወጣው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት አስወጣት። አዲሷ አገር የራሷ አጻጻፍ ይኑራት ብሎ፣ አስቦበት ያደረገው ነው። ታንግ የሚለውንም፣ ምላስ ማለት ነው፣ አጻጻፉን ሊያሳጥር ሞክሮ ነበር። እሱን ግን አሜሪካኖቹም እምቢ አሉ።

ኦርጋናይዝ የሚለውንስ? በዜድ ሲጻፍ የአሜሪካ ነው፣ በኤስ ሲጻፍ የእንግሊዝ ነው ብለን እናስተምራለን። እስቲ የኦክስፎርድን መዝገበ ቃላት ግለጡ። የሚያስቀድመው በዜድ የተጻፈውን ነው። እኔም ይህን ሳላውቅ ስንት ልጅ ላይ ኤክስ አድርጌያለሁ። ይቆጨኛል።

አነባበቡም ያው ነው። ሼጁል ይላል እንግሊዙ፣ ስኬጁል ይላል አሜሪካዊው። የጥንት እንግሊዞች ደግሞ ሴጁል ይሉት ነበር። ታዲያ አንድ ልጅ እስኬጁል ቢል ክፍሉ ለምን ይስቅበታል? የአማርኛ አፍ ነው እ የጨመረበት፤ ሐሳቡ እንደሆነ ተሰምቷል።

በራሳችን ቋንቋ እኮ እንዲህ አንጨክንም። ፀሐይን በጸሎቱ ጸ የጻፈ ልጅ ማን ሰሌዳ ፊት ያቆመዋል?

የምለምናችሁ ይህን ነው። በአሜሪካው የጀመረ ተማሪ በዚያው ይጨርስ፣ በእንግሊዙ የጀመረም እንዲሁ። አንድ ገጽ ላይ ሁለቱን ከቀላቀለ ጠርታችሁ አስረዱት፣ ነጥብ ግን አትቁረጡበት። እስክሪብቶውን ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ፣ የት አየኸው ብላችሁ ጠይቁት። ቦርሳው ውስጥ ካርቶን ሊኖር ይችላል።

አመሰግናለሁ።