ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ ሲሆን ለምን ይግላል? (አዎ፣ ደሴም ቢሆን!)

እንዴት ናችሁ ወዳጆቼ! ዛሬ የምናወራው ቻርጀሩ ሲነቀል ደህና፣ ሲሰካ ግን ጭን ስለሚለበልብ ላፕቶፕ ነው። አብሽሩ፣ አብዛኛው በቀላሉ ይፈታል።

እስቲ አንድ ማድ ቤት አስቡ። ሁለት ምድጃ፣ አንድ መስኮት። አንዱ ምድጃ ላይ ወጥ ተጥዷል፤ ይሄ የላፕቶፑ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ ነው። ቻርጀሩን ስትሰኩ ሁለተኛው ምድጃ ይለኮሳል፤ እሱ ባትሪው ነው፣ ኃይል ሲቀበል ራሱም ይሞቃል። በዚያ ላይ ላፕቶፑ «ለካ መብራት አለ» ብሎ ፕሮሰሰሩን በሙሉ ጉልበት ይለቀዋል። ወጡ ሥር እንጨት ተጨመረ ማለት ነው! ሁለት እሳት፣ አንድ መስኮት፤ መስኮቱ የላፕቶፑ የአየር ቀዳዳ ነው። መስኮቱን ደግሞ ጥላሸት ደፍኖታል፤ እሱ አቧራው ነው። ይሄ ሁሉ ሳያንስ አንዱ መጥቶ መስኮቱ ላይ ጋቢ ይሰቅልበታል። ውስጥ ያለው ሰው ምን ይሆናል? ያለቅሳል። ያ የፋን (የማቀዝቀዣው ማራገቢያ) ጩኸት ለቅሶ ነው።

ጋቢ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ብዙዎቻችሁ «እኛ ደሴ ነን፣ ብርድ ነው፤ ይሄ የቆቦና የባቲ ሰው ችግር ነው» ብላችሁ ጽፋችኋል። ኧረ ተዉ! ሙቀቱ የሚመጣው ከውስጥ ነው። እንዲያውም ብርዱ ራሱ ያስግለዋል። እንዴት? ሲበርዳችሁ አልጋ ላይ ትወጣላችሁ፣ ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ አየር የሚስብበት የሥር ቀዳዳ ይደፈናል። ሁለተኛ፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነች፤ አየሩ ስስ ነው፣ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የቆቦ ሰዎች፣ እናንተም አትሳቁ፤ የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ እየጋለ ቻርጅ ባይደረግ ይመረጣል። ደግሞ እርጥብ ጨርቅ፣ ፍሪጅ የምትሉ፣ እባካችሁ! ውስጡ ጤዛ ይይዝና ቦርዱን ታጡታላችሁ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉና ወደ ሥራው እንግባ። ፈጠን እላለሁ።

ጠንካራና ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡት፤ የኋላውን በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ አድርጉ። ዊንዶውስ ላይ በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን፣ ፕለግድ ኢን ከሚለው ጎን፣ 99 በመቶ አድርጉት፤ ቱርቦው (ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበት) ይጠፋል፣ ሙቀቱ ይወርዳል። ሌኖቮ፣ አሱስና ዴል ቻርጁን 80 በመቶ አካባቢ የሚያቆም ማስተካከያ አላቸው፤ ሁሌ ተሰክቶ ለሚውል ላፕቶፕ ክፈቱት። ለጽዳት አጥፉ፣ ንቀሉ፣ በካቻቢቴ ሥሩን ክፈቱ፣ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። ፋኑን በስቴኪኒ ያዙና በብሎወር ንፉ፤ ካልያዛችሁት በኃይል ዞሮ ይበላሻል። አቧራው የሚጠቀጠቀው ፋኑና ሙቀት የሚያስወጡት የብረት ክንፎች የሚገናኙበት ላይ ነው። ካጸዳችሁም በኋላ ከጋለ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ፣ ደርቆ ይሆናል፤ አሮጌውን በአልኮል ጠርጋችሁ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ አድርጉበት።

ቻርጀሩስ? ጽሑፉን አንብቡ። 19.5 ቮልት 3.34 አምፔር ካለ 65 ዋት ነው። ቮልቱ እኩል ይሁን፤ አምፔሩ እኩል ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ችግር የለውም፣ ላፕቶፑ የሚወስደው የሚፈልገውን ብቻ ነው። ለ65 ዋት ላፕቶፕ 45 ዋት ብትሰኩ ግን ቻርጀሩ ራሱ ይግላል።

መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፤ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩና ስኩ። ባዶ ባትሪ ሰክታችሁ ወዲያው ቪዲዮ ኤዲቲንግ አትጀምሩ። ባትሪው ብዙ ኃይል የሚስበው እስከ 80 በመቶ ገደማ ነው፤ እስከዚያ ከባዱን ሥራ አቆዩት።

ታችፓዱ ከፍ ካለ ወይም ሥሩ ካበጠ ባትሪው ነፍቷል። ቻርጅ አታድርጉ፣ አትጫኑት፣ አትብሱት፤ አጥፍታችሁ ለባለሙያ ስጡ። ጥያቄ ያላችሁ የላፕቶፑን ሞዴልና ቻርጀሩ ላይ ያለውን ቁጥር አብራችሁ ጻፉልኝ፤ «ይግላል» ብቻ ካላችሁኝ መልስ የለኝም!