ፒተር የማን ነው?

እሺ... የዘር ሐረግ ፍለጋችን ዛሬም ክሬጎች ቤት ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከቨርጂኒያ ወደ ኬንታኪ፣ እዚያው አሜሪካ ውስጥ፣ የሄዱ የባፕቲስት ሰባኪዎች ቤተሰብ። ባለፈው ክፍል ጨርሰናቸዋል ብዬ ነበር፤ አልጨረስንም። የባልዲዋን እመቤት ኋላ እመለስባታለሁ። መጀመሪያ ግን ያ የግብር መዝገብ... ያ መስመር አልለቀቀኝም።

እስቲ እንደገና በዝግታ እንየው። የኬንታኪ የ1790ም የ1800ም የሕዝብ ቆጠራ የለም፣ ጠፍቷል። ስለዚህ የዚያን ዘመን ሰው የምንፈልገው በየዓመቱ በሚሞላው የግብር መዝገብ ነው። መጀመሪያ የግብር ከፋዩ ስም። መሬቱ ስንት ኤከር እንደሆነ፣ በየትኛው ወንዝ ዳር እንዳለ (ወንዙን አትለፉት፣ ሁለት ሞክሼዎችን የሚለየው እሱ ነው)። ከዚያ ነጭ ወንዶች ከ21 ዓመት በላይ፣ ቁጥር። ጥቁሮች ከ16 ዓመት በላይ፣ ቁጥር። ጥቁሮች በጠቅላላው፣ ቁጥር። ፈረስ፣ ቁጥር።

ቁጥር፣ ቁጥር፣ ከዚያ ፈረስ።

አሁን የቤተ ክርስቲያኑን ቃለ ጉባኤ አጠገቡ ዘርጉት። ባፕቲስት ሕፃን አያጠምቅም፤ ስለዚህ የክርስትና መዝገብ ፍለጋ አትድከሙ፣ የልደት ቀን ከዚያ አይገኝም። የሚገኘው የወሩ ስብሰባ ነው፦ ማን አምኖ ተጠመቀ፣ ማን ሰክሮ ተገሠጸ፣ ማን የስንብት ደብዳቤ ይዞ ወደ ሌላ ጉባኤ ሄደ። ሁሉም ደግሞ ወንድምና እህት ነው። ሉዊስና ጆሴፍ ክሬግ የእናት ልጆች ናቸው፤ መዝገቡ ግን ጎረቤታቸውንም ወንድም ይለዋል። ጀማሪ እዚህ ላይ የዘር ዛፉን ያበላሻል። እኛ አገር ወንጌላውያን ዘንድ «ወንድም እገሌ» ስለተባለ ዘመድ ናቸው የሚል የለም አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። «ሲኒየር» እና «ጁኒየር» የሚለውም ሁልጊዜ አባትና ልጅ ማለት አይደለም፤ በአንድ ቀዬ ያሉ ትልቁና ትንሹ ሞክሼ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀኑም እንደዚሁ። ከ1752 በፊት በእንግሊዞች ግዛት አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ነበር፤ ስለዚህ ፌብሩዋሪ 1740 የሚመጣው ከዲሴምበር 1740 በኋላ ነው። ከሁለት ካላንደር ጋር የሚኖር ሀበሻ ይሄ አይከብደውም...

የት ነበርኩ? አዎ፣ ቃለ ጉባኤው።

በባርነት ያለ አባል በዚያ ዘመን መዝገብ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ በገዛ ስሙ ብቻ፣ ከጌታው ስም ጋር ነው። «የእገሌ ፒተር» እየተባለ። በእኛ ጆሮ ሲሰማ ልጁ ይመስላል፤ ስም ከነአባት የተጠራ ይመስላል። አይደለም። የጆሴፍ ክሬግ ፒተር ማለት ጆሴፍ የያዘው ሰው ማለት ነው።

ይሄ ፒተር ዱሬት ነው። በ1781 ሉዊስ ጉባኤውን ይዞ ከቨርጂኒያ ሲወጣ፣ ያ ሁሉ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በከምበርላንድ የተራራ ማለፊያ ተሻግሮ በዲሴምበር ኬንታኪ፣ ጊልበርትስ ክሪክ ሲደርስ፣ እሱም በዚያው መንገድ መጥቷል። በ1790 ገደማ እዚያው ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን ላይ የጥቁሮችን ቤተ ክርስቲያን መሠረተ፤ በ1823 ሞተ። ሰባኪ ነው እኮ! ልክ እንደ ሉዊስ።

ሉዊስ ደግሞ ማን ነው? ጁን 1768 ፍሬደሪክስበርግ ላይ ዳኞቹ «ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን አንሰብክም በሉና ሂዱ» ቢሏቸው፣ እሱና ጓደኞቹ እምቢ ብለው እየዘመሩ ወህኒ የወረዱ። አራት ሳምንት ታሰረ። ይሄን ሳነብ ሁሌም ልቤ ይሞላል። ከዚያ ደግሞ የወንድሙ ቤት... ነጭ፣ ጥቁር፣ ፈረስ። ዘመኑ ነው ይባላል። ይሆናል። ግን ሕሊና ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ እኔን የሚከብደኝ እሱ ነው።

የባልዲዋ እመቤት፣ ፖሊ ክሬግ፣ የሉዊስና የጆሴፍ እናት። ኦገስት 1782 ኬንታኪ ውስጥ ብራያንስ ስቴሽን በተባለው ምሽግ፣ ከእንግሊዞች ጋር የወገኑ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች ምንጩ አጠገብ አድፍጠው ሳሉ፣ ምንም እንዳላወቀ ሰው ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ውሃ ቀድታ ተመለሰች። በ1896 ስሟን ድንጋይ ላይ ቀረጹላት። ይገባታል፣ እንዴት አይገባትም። የክሬግ ልጅ ዛሬ ሰባት ቤት ቁጠር ቢሉት ይቆጥራል።

የፒተር ልጅ ግን ከየት ይጀምራል? የባሮች ጋብቻ በሕግ አይታወቅም፤ ስለዚህ የጋብቻ ዋስትና ሰነድ የለም። የሚቀረው ኑዛዜ፣ የሽያጭ ውል፣ የሟች ንብረት ዝርዝር ነው፤ እዚያ ስም አለ፣ አጠገቡ ዋጋ አለ። ዱሬት ደግሞ የክሬግ ስም አይደለም፤ ስለዚህ ወደ ቨርጂኒያ፣ ወደ ካሮላይን ካውንቲ ተመልሶ ዱሬት የሚባሉ ባለርስቶችን ማየት ነው። በግብር መዝገብ እንዳልል፣ የቨርጂኒያው የግል ንብረት ግብር መዝገብ የሚጀምረው በ1782 ነው። እነሱ የወጡት በ1781።

በአንድ ዓመት... በአንድ ዓመት ብቻ እኮ ነው።