ፋሲል ግቢን አይቶ ቁስቋም ሳይወጡ መመለስ

ሜሮን፦ ጎንደር ሄደው ፋሲል ግቢን ዞር ዞር ብለው «ጨረስን» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል።

ዳዊት፦ ጥምቀት ከሆነ ባሕረ ጥምቀቱን ይጨምራሉ፣ አለቀ።

ሜሮን፦ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም፣ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ያለበት ግቢ፣ እኮ እዚያው ኮረብታው ላይ ነው። ባጃጅ ይዘህ ትወጣለህ፤ ከተማዋ ከሥርህ ተዘርግታ ትታያለች።

ዳዊት፦ ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

ሜሮን፦ አዎ፣ የቋራዋ፣ የዐፄ በካፋ ባለቤት። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ። እቴጌዋም ዘውድ ጭነው፣ «ብርሃን ሞገሳ» ተብለው ከልጃቸው ጋር ገዙ። ሞግዚት ብቻ ነበሩ ለሚለኝ ሰው ያንን ግቢ ነው የማሳየው።

ዳዊት፦ ፋሲል ግቢ ውስጥም እኮ ግምብ አላቸው!

ሜሮን፦ እዚያ ከሌሎቹ ነገሥታት ግምቦች አንዱ ነው። ቁስቋም ግን ቤተ ክርስቲያኑ፣ አዳራሹ፣ መኖሪያው፣ ሁሉም በአንድ ቅጥር የእሳቸው ነው። አዳራሹ ጣሪያ የለውም፤ ግን ግድግዳውን ጠጋ ብለህ እየው፣ በቀላ ያለ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሉበት።

ዳዊት፦ ቤተ ክርስቲያኑስ የድሮው ነው?

ሜሮን፦ አይደለም። ደርቡሾች፣ የሱዳን መሐዲስቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ነደደ፤ አሁን ያለው በኋላ የተሠራ ነው።

ዳዊት፦ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስስ? እዚያ ነበር አይደል የተቀመጠው?

ሜሮን፦ እ.ኤ.አ. በ1770። ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና እንደ ሐኪም ሆኖ የቤተ መንግሥቱን ልጆች አከመ። ከእቴጌዋ ጋር ያወዳጀውም እሱ ነው።

ዳዊት፦ እኔን የሚከብደኝ ያ መስታወት ያለው ሣጥን ነው። የእቴጌዋ፣ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም ነው ተብሎ የሚታየው። ሦስት ትውልድ፣ አንድ ሣጥን ውስጥ!

ሜሮን፦ ዐፄ ኢዮአስን እ.ኤ.አ. በ1769 ያስገደሉት ራስ ሚካኤል ስሁል ናቸው። ባዳም አይደሉም፤ የእቴጌዋን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን ያገቡ ሰው ናቸው። ዘመነ መሳፍንት የሚቆጠረውም ከዚያ ግድያ ነው።

ዳዊት፦ እቴጌዋን ግን ንጹሕ ተበዳይ አታድርጊያቸው። የእሳቸው የቋራ ዘመዶችና የምራታቸው የውቢት የየጁ ወገኖች ሥልጣን ላይ ሲናከሱ ነው ሚካኤል ከትግራይ ተጠርተው የመጡት።

ሜሮን፦ እሺ፣ ሹመቱን ለዘመድ ማብዛታቸውን አልክድም። ግን ያን ሁሉ ዓመት ቤተ መንግሥቱን አረጋግተው ያቆዩትም እሳቸው ናቸው።

ዳዊት፦ በዚህ አንስማማም፣ እንለፈው። መቼ ይኬድ?

ሜሮን፦ ጸጥታ የሚፈልግ በአዘቦት ቀን፣ ጠዋት ይሂድ። ኅዳር 6 የቁስቋም ማርያም ንግሥ ነው፤ ያን ቀን ግቢው በነጠላ ለባሽ ተሞልቶ መቆሚያም የለ።

ዳዊት፦ ለፎቶ የሚሄድ በሌላ ቀን ይሂዳ!