ድንኳን ደጃፍ ላይ መዋል

እሱ፦ እንኳን ደኅና መጣችሁ። የዛሬው ጨዋታችን ከቤተሰብ ጋር ድንኳን ተክሎ ስለ ማደር ነው። አንቺ ከዘንገና ሐይቅ ገና መመለስሽ ነው አይደል?

እሷ፦ አዎ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር አይተን፣ የአካባቢውን ሰዎች አስፈቅደን ከሐይቁ በላይ ሰፈርን። ባለቤቴ፣ ልጆቹና እናቴም አብረውኝ ነበሩ።

እሱ፦ እናትሽም? እሳቸው እንዴት እሺ አሉ?

እሷ፦ መጀመሪያማ «ድንኳን ለሠርግና ለለቅሶ ነው፤ ቤት ያለውን ሰው ሜዳ ላይ ምን ያሳድረዋል?» ብላ ነበር። ኋላ ከሁላችን ቀድማ የተላመደችው ግን እሷ ናት።

እሱ፦ እኔ የምፈራው ብርዱን ነው። ጥር ውርጭ ይጥላል፤ እንጅባራም ደጋ ነው።

እሷ፦ ውኃው ዳር ያልሰፈርነውም ለዚህ ነው። ዘንገና በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል። ከሥር ገለባ በደንብ ጎዘጎዝን፤ ሰውን የሚያንዘፈዝፈው የመሬቱ ቅዝቃዜ ነውና። መስኮቱንም ጥቂት ገርበብ አድርገን ተውነው፤ ጥርቅም ካደረጉት ትንፋሽ ጨርቁ ላይ ውኃ ሆኖ ሲንጠባጠብ ያድራል። ከሰል ግን ፈጽሞ ወደ ውስጥ አይገባም። ጭስ ባይታይበትም ይገድላል።

እሱ፦ አድማጮቻችን ይህችን ይያዙልን። ቀኑንስ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?

እሷ፦ ምንም! ደስ ያለኝም እሱ ነው። ጎጃምን ሊያይ የመጣ ቤተሰብ ጠዋት ጢስ ዓባይ፣ ከሰዓት ዘጌ፣ በማግሥቱ ግሽ ዓባይ ሲል ይሮጣል፤ ልጆች መኪና ውስጥ ሲያንቀላፉ ይከርማሉ። እኛ መኪናውን አቁመን ዋልን። ልጆቹ ድንች ጠበሱ።

እሱ፦ ረመጥ ውስጥ?

እሷ፦ ረመጥ ውስጥ ነዋ! ነበልባል ላይ ከጣሉት ልጣጩ ያርርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። እሳቱ በረድ ሲል አመዱን ገለጥ አድርገው ቀበሩትና ቡና ተፈላ። እናቴ በረካውን ስትቀዳ ድንቹ ደረሰ። ልጄ እጇን እያራገበች ስትፈለፍለው እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። ጨውና ቅቤ ለልጆች፣ ሚጥሚጣ ለእኛ።

እሱ፦ አስራብሽኝ! ስልክስ አላሉም?

እሷ፦ እስከ ረፋድ ብለው ነበር። ከዚያ እናቴ መሬቱን ጎድጉዳ በጠጠር ገበጣ ታጫውታቸው ጀመር፤ ለምሳ በልመና ተነሡ። እኔ እኮ እናቴ ገበጣ እንደምትችል አላውቅም ነበር! በችኮላ በምናያት ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም።

እሱ፦ መዋኘትስ?

እሷ፦ የለም። ዳሩ ቁልቁለት ነው፤ ውኃውም ከ160 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው እጁን ይዞ ከላይ ይይ።

እሱ፦ እሳቱንስ እንዴት አደረጋችሁት? ጥር ሣሩ ደረቅ ነው፤ ዙሪያውም ደን ነው።

እሷ፦ ከከተማ ከሰል ገዝተን ሄድን እንጂ አንድም ቅርንጫፍ አልቆረጥንም። ጉድጓድ ቆፍረን ዙሪያውን በድንጋይ ከበብነው። ስንነሣ ውኃ አፍስሰን፣ ባለቤቴ አመዱን በእጁ ዳብሶ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋገጠና አፈር መለስንበት። ቆሻሻውንም በማዳበሪያ ከረጢት ይዘን ተመለስን።

እሱ፦ የድንኳን አመራረጥ ብዙ ጥያቄ ስለመጣበት ሳምንት እሱን እንይዛለን። ደኅና ሰንብቱ።