የሠራነው የዶቃ ጌጥ ለምን ይበጠሳል?

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተበተነ ሰማያዊ ዶቃ፣ አጠገቡ የተበጠሰ ናይለን)

እንዴት ሰነበታችሁ። ይሄ የምታዩት ዶቃ ከሁለት ሳምንት በፊት አምባር ነበር። እኔው ሠራሁት፣ እኔው ሸጥኩት። ገዢዋ አድርጋው ሠርግ ሄደች፤ እስክስታው ሲሞቅ ጧ አለና ዶቃው በሙሉ ዳሱ ውስጥ ተበተነ። የተገኘውን ለቃቅማ በፌስታል አመጣችልኝ። «እታለም፣ እንዲህ ነው እንዴ የምትሠሪው?» አለችኝ። ምን እላለሁ? ገንዘቧን መለስኩላት።

አሁን ዶቃውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። አንዱም አልተሰበረም። የተበጠሰው ክሩ ነው። እኛ ሻጮች ገንዘባችንንም ዓይናችንንም ዶቃው ላይ እንጨርስና ክርና መቆለፊያ ላይ ስንደርስ ያገኘነውን እናነሳለን። ደንበኛ ለወቀሳ ተመልሶ የሚመጣው ግን በዚያው በኩል ነው።

ስለዚህ ከክሩ ልጀምር። ባሕር ዳር ላይ ብዙዎቻችን የምንሰካው በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ነው። ጣና አጠገባችን ነው፣ ናይለኑ በየሱቁ አለ፣ ርካሽ ነው፣ መርፌ እንኳ አይፈልግም፣ ጫፉ ራሱ ቀጥ ብሎ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ በእሱ ሠርቻለሁ። ችግሩ ምንድን ነው? ክብደት ሲሰቀልበት ቀስ እያለ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ሐብሉ ቆይቶ በዶቃዎቹ መሀል ክፍት ክፍት ይላል። ፀሐይ እየመታው ሲሄድ ይደርቅና ይሰባበራል። ልሙጥ ስለሆነ ደግሞ ቋጠሮ አይዝም፤ ዛሬ ጥብቅ ያደረጋችሁትን ነገ ሾልኮ ታገኙታላችሁ። ጫፉን በላይተር ለኮስ አድርጎ ማቅለጥ የሚባል ዘዴ አለ፣ አደርገው ነበር፣ የቀለጠው ቦታ ግን ደረቅ ነውና ከሥሩ ቅንጥስ ይላል። የሠርጉ አምባር የተበጠሰው እዚያችው ላይ ነው።

ታዲያ በምን ይሠራ? ለትንንሽ ዶቃ ጫማና ቦርሳ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት የተገመደ ናይለን ወይም ፖሊስተር ክር ግሩም ነው። ቀጭኑን ምረጡና ደርቡት። ድንጋይ ወይም ከበድ ያለ የመስተዋት ዶቃ ከሆነ ግን በፕላስቲክ የተሸፈነ ቀጭን የብረት ገመድ ያስፈልጋል። ውስጡ ብዙ ደቃቅ ሽቦዎች ተገምደው ነው ያለው፣ 7 ወይም 19 ወይም 49፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ገመዱ እንደ ክር እየለሰለሰ ይሄዳል። ይሄ አይቋጠርም። ትንሽ የብረት ቱቦ ታስገቡበትና በፒንሳ ትጨፈልቋታላችሁ። እኔ የማስመጣው ከመርካቶ ነው፣ ሰው ሲሄድ እልካለሁ።

(ምስል፦ እጅ ክር በሰም ላይ ሲጎትት)

አሁን የምወደው ነገር። ክሩን ከመስካታችሁ በፊት ሰም አልብሱት። ቁራጭ የንብ ሰም ላይ አስቀምጡት፣ በአውራ ጣት ጫን በሉ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎትቱት። ክሩ አይበተንም፣ አይወሳሰብም፣ ቋጠሮው አይሾልክም፣ ዶቃውም ካስቀመጣችሁት ቦታ ንቅንቅ አይልም። የሱቅ ሻማ አይሆንም፤ እሱ ፓራፊን ነው፣ ይፈረፈራል። በማር አገር ተቀምጦ ሰም ቸገረኝ ማለት ደግሞ ያሳፍራል፣ ጧፍ የሚሠሩ እናቶችን ጠይቁ። ሌላው ጎጃሜ ሰምና ወርቁን ከዋሸራ ተምሮ ይመጣል፣ እኔ ወርቁ ሳይደርሰኝ ሰሙን ይዤ ቀርቻለሁ።

በላስቲክ ለምትሠሩ ሁለት ነገር ብቻ። አዲስ ላስቲክ መጀመሪያ ሲሳብ ትንሽ ይረዝምና በዚያው ይቀራል፣ ስለዚህ ሳትሰኩ በፊት ደጋግማችሁ ሳቡት፣ የሚረዝመውን እናንተው እጅ ላይ ይርዘም። ቋጠሮውን እንደ ጫማ ማሰሪያ ጀምሩት፣ ግን ጫፉን ሁለቴ ጠምዝዛችሁ አሳልፉ፣ ከዚያ በላዩ ላይ በተቃራኒው ድገሙት። ሐኪሞች ቁስል ሲሰፉ የሚያስሩት ዓይነት ነው። ሱፐር ግሉን የምታንጠባጥቡበት፣ ተዉት፤ ላስቲኩን ያደርቀውና ከጠብታው ጫፍ ላይ ይበጥሰዋል።

ወደ ዶቃው። ጨሌም በሉት። (የእኔ አያት «ጨሌ» ስትሰማ ወዲያው ዛር ነው የሚመጣባት፣ ሥራዬን ለማስረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ አሁን ራሷ አንድ ድሪ አዛኛለች።)

ከረጢቱ ላይ 11/0፣ 8/0፣ 6/0 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ቁጥሩ ሲተልቅ ዶቃው ያንሳል፣ ግራ አይግባችሁ። 11/0 ወደ 2 ሚሊሜትር ነው፣ 8/0 ወደ 3፣ 6/0 ወደ 4። የጃፓኖቹ፣ እነ ሚዩኪና ቶሆ፣ እርስ በርስ እኩል ናቸው፣ ቀዳዳቸውም ሰፋ ያለ ነው፤ ጥለት እየሰፋችሁ የምትሠሩ ከሆነ ዋጋቸው ያበሳጫል ግን ያዋጣል። የቼክ ሪፐብሊክ ዶቃ መጠኑ ትንሽ ይለያያል። ተራ በተራ ተሰክቶ ለሚሠራ ሐብል ግን ያ መለያየቱ ራሱ ያምራል፣ እንዲያውም እኔ እመርጠዋለሁ።

ስም የሌለው የጅምላ ከረጢት ስትገዙ ደግሞ ምስር እንደምትለቅሙ አስቡት። ነጭ ጨርቅ ላይ ወይም ሰፌድ ላይ አፍስሱና ጠማማውን፣ ቀዳዳው ግማሽ የተደፈነውን፣ ጠርዙ የተሸረፈውን አውጡ። በተለይ የተሸረፈውን! የመስተዋት ስባሪ ማለት ቢላዋ ማለት ነው፣ አንድ ብቻ መሀል ገብቶ የደህናውን ክር ሁሉ ይጨርሰዋል። ይሄ ሥራ አሰልቺ ነው፣ እኔ ቡና ሲፈላ ነው የምለቅመው፣ ጎረቤትም ያግዘኛል።

(ምስል፦ ነጭ ጥጥ ላይ ቀይ ቀለም)

ቀለሙን ሳትፈትኑ እንዳትሰኩ። ነጭ ጨርቅ በውኃ አርጥባችሁ እሹት። ቀጥሎ ጥጥ ላይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ነክራችሁ ድገሙት። አንዳንድ ዶቃ ቀለሙ ከላይ የተቀባ ብቻ ነው፣ በተለይ ደማቅ ሮዝና ወይን ጠጅ። ይሄ ነገር ፈረንጅ አገር ቲሸርት ላይ ቢለቅ ግድ የለም ይባል ይሆናል። እኛ ጋ ግን ጌጡ የሚደረገው ነጭ ቀሚስና ነጠላ ላይ ነው፣ የሚያዝያ ሙቀት አለ፣ ላብ አለ። የሰው የፋሲካ ነጠላ አበላሽታችሁ በዚያ ሰፈር ድጋሚ መሸጥ ዘበት ነው።

መስተዋት ነው ወይስ ፕላስቲክ? ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፣ መስተዋት ይቀዘቅዛል። ቀንድ ነው ተብሎ የተሸጠላችሁን በጋለ መርፌ ጫፍ በማይታይ ቦታ ንኩት፣ ቀንድ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፕላስቲክ መሸጥ ነውር አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው በሉና ሽጡ። ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሻገር እንግዳ ብዙ አይቷል፣ ለይቶ ያውቃል።

ብረቱ ላይ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይኑራችሁ። መቆለፊያው ላይ ጥብቅ ካለ ውስጡ ተራ ብረት ነው፣ ቅቡ ሲላጥ ይዝጋል። ለጉትቻ ደግሞ ኒኬል ተጠንቀቁ። ጆሮዋ የሚያሳክካት፣ የሚቆስልባት ሴት ብዙ ጊዜ ችግሯ እሱ ነው፣ አንዴ ካስቆጣት ደግሞ ዕድሜ ልኳን አይለቃትም። አውሮፓ ውስጥ ጌጥ የሚለቀው የኒኬል መጠን በሕግ የተገደበ ነው። የጆሮ መንጠቆውን ስቴንለስ አድርጉት፣ ወይም ብር።

አሠራሩ ላይ ሦስት ስህተት በብዛት አያለሁ፣ ሦስቱንም ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

አንደኛው ማጥበቅ ነው። የጠበቀ ጠንካራ ይመስለናል። ከመቆለፋችሁ በፊት አምባሩን ብርጭቆ ላይ ጠምጥሙት። አልታጠፍ ካለ፣ ገትር ብሎ ከቆመ፣ ዶቃዎቹ እየተገፋፉ ክሩን እየበሉት ነው ማለት ነው። አንድ ሁለት ሚሊሜትር ልቀቁለት።

ሌላው መቆለፊያውን ከጌጡ ጋር የምታያይዘዋን ትንሽ የሽቦ ቀለበት አከፋፈት ነው። ሰው ሁሉ ወደ ግራና ቀኝ ይፈለቅቃታል፣ ከዚያ ክብነቷ ይጠፋል፣ አትገጥምም፣ ጌጡ በዚያ ክፍተት ሾልኮ ይወድቃል። በሁለት ፒንሳ ያዟት፣ አንዱን ጫፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ግፉ፣ እንደ በር። ስትዘጉም እንደዚያው። ቀጭ ስትል ትሰሙታላችሁ።

ልኬትም አለ። አንጓዋ 16 ሴንቲሜትር ከሆነ አምባሩ 17.5 ወይም 18 ይሁን። በግምት ሠርቶ «ይለመድላችኋል» ማለት ልብስ ሰፊ ነው የለመደው፣ እኛ አንጀምረው።

ይሄን ሁሉ ግን ጥር ሳይደርስ ተለማመዱት። ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ፣ ያን ጊዜ ትእዛዙ ይደራረብና ሰው ሰም መቀባቱን ይረሳል። እኔ አምና ረስቻለሁ።

(ምስል፦ ግድግዳ ላይ ሚስማር፣ ሰማያዊ አምባር፣ የተንጠለጠለ የውኃ ጠርሙስ)

መጀመሪያ ያሳየኋችሁ ዶቃ ይሄው። ቀረጻው ቀናት ስለፈጀ እስከዚያው መልሼ ሰካሁት፣ በተደረበ ክር፣ በሰም። አሥራ አንድ ዶቃ ጎድሎ ነበር፣ ዳሱ ውስጥ የቀረ፣ ተካሁት። ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ አንጠልጥዬበት ዛሬ ሦስተኛ ሌሊቱ ነው። ሴትዮዋ ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ በዚህ ታልፋለች። ከያዘ እሰጣታለሁ። ጠርሙሱን ወለል ላይ ካገኘሁት ደግሞ ሌላ ቪዲዮ እሠራለሁ።