አንድ ሰርቨር፣ ብዙ ተጠቃሚ፦ ጎረቤታችሁ ምን ያያል?

(ስክሪን፦ ጥቁር ተርሚናል፤ አንድ ረጅም ትዕዛዝ እየተጻፈ)

የዳታቤዝ ባክአፕ ልትወስዱ ነው እንበል። ትዕዛዙን ጻፋችሁ፣ ፓስወርዱንም እዚያው መስመር ላይ አስከትላችሁ ኢንተር መታችሁ። ሥራው 10 ደቂቃ ይፈጃል። በእነዚያ 10 ደቂቃዎች፣ በዚያው ሰርቨር ላይ አካውንት ያለው ማንኛውም ሰው «ፒኤስ» የሚለውን ትዕዛዝ ቢያስኬድ፣ በመሥራት ላይ ካሉት ፕሮግራሞች መካከል የእናንተን መስመር ከነፓስወርዱ ያነበዋል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ፓስወርዱን ከዝርዝሩ ላይ ወዲያው ይሸፍኑታል፤ ለሚጠብቅ ሰው ግን ከመሸፈኑ በፊት ያለችው ቅጽበት ትበቃዋለች።

እዚህ ላይ ማንም ምንም አልሰበረም። ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ሊኑክስ፣ በተለመደው ሴቲንጉ ይህን ዝርዝር ለሁሉም ተጠቃሚ ያሳያል። የጋራ ሰርቨር ትልቁ ጣጣም ይኸው ነው፦ አካውንት የተሰጠው ሰው አጥሩን አልፎ ገብቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚለያችሁ በመካከላችሁ ያሉት ትንንሽ ፈቃዶች ብቻ ናቸው።

መፍትሄው ፓስወርዱን በኮንፊግ ፋይል ውስጥ አስቀምጦ የፋይሉን ፈቃድ 600 ማድረግ ነው። 600 ማለት ባለቤቱ ብቻ ያነባል፣ ባለቤቱ ብቻ ይጽፋል ማለት ነው። አድሚን ከሆናችሁ ደግሞ በመሥራት ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች መረጃ የሚያሳየውን «ፕሮክ» የተባለ ፋይል ሲስተም «ሃይድፒድ» የሚለውን ምርጫ 2 አድርጋችሁ ማውንት ብታደርጉት (ከሲስተሙ ጋር ብታገናኙት) እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን ፕሮግራሞች ብቻ ያያል። አንዳንድ አገልግሎቶችን ስለሚያውክ ግን አስቀድማችሁ በሙከራ ማሽን ላይ እዩት።

(ስክሪን፦ ሁለት ፋይሎች ቦታ ሲለዋወጡ)

አሁን ወደ ጊዜያዊ ፋይሎች። በ1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በኤምአይቲ «ሲቲኤስኤስ» በሚባለው የጋራ ኮምፒውተር ላይ የደረሰውን እንመልከት። የሲስተሙ ኤዲተር ፋይል ሲከፈት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስም ያለው ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥር ነበር፤ በአንድ ፎልደር ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አይሠራም ተብሎ ነበርና የተነደፈው። አንድ ቀን ግን ሁለት አድሚኖች በአንድ ፎልደር ገቡ። አንዱ ለተጠቃሚዎች የሚታየውን የዕለቱን መልእክት ሲያርም ሌላው የፓስወርዱን ፋይል ያርማል። ሁለቱ ጊዜያዊ ፋይሎች ተምታቱ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሲስተሙ የገባ ሰው ሁሉ በሰላምታው ቦታ የሁሉንም ተጠቃሚ ፓስወርድ አነበበ።

ይኸው ስህተት ዛሬም በየስክሪፕቱ ውስጥ አለ። «ቲኤምፒ» የሚባለው የሊኑክስ ፎልደር ለሁሉም ክፍት ነው። የአድሚኑ ስክሪፕት በየሌሊቱ 8 ሰዓት በሩት (ሁሉ ነገር በተፈቀደለት ዋና አካውንት) ሥልጣን እዚያ ውስጥ «ሪፖርት» የሚል ፋይል ይጽፋል እንበል። ይህን ያስተዋለ ተጠቃሚ ቀድሞ በዚያው ስም ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ) ይፈጥራል፤ ሲምሊንኩም ወደ አንድ የሲስተም ፋይል ይጠቁማል። ሰዓቱ ሲደርስ ስክሪፕቱ ሲምሊንኩን ተከትሎ የሲስተሙን ፋይል ያበላሸዋል። አዳዲስ ከርነሎች (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ለዚህ መከላከያ አላቸው፤ መከላከያው ሥራ ላይ መሆኑን ግን ማረጋገጥ የእናንተ ፋንታ ነው። ስክሪፕት ስትጽፉ «ኤምኬቴምፕ» የሚባለውን ትዕዛዝ ተጠቀሙ። የማይገመት ስም ያወጣል፣ ፋይሉን በ600 ይፈጥራል፣ ስሙ ቀድሞ ከተያዘም አይጽፍበትም።

የዚህ ፎልደር ትክክለኛ ፈቃድ 1777 ነው። ፊት ያለችው 1 አንዱ የሌላውን ፋይል እንዳይሰርዝ የምትከለክለው ናት። «አልሠራ አለኝ» ብሎ 777 (ሁሉም ሰው እንዲያነብ፣ እንዲጽፍና እንዲያስኬድ የሚፈቅድ) የሚያደርገው ሰው ሳያውቅ ይህችን ጥበቃ ይነቅላታል።

(ስክሪን፦ 777 በቀይ)

ስለ 777 ካነሳን፣ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ፋይልን ለመሰረዝ የሚያስፈልገው በፎልደሩ ላይ ያለ ፈቃድ ነው። ፋይላችሁን «ለንባብ ብቻ» ብታደርጉትም፣ ያለበት ፎልደር ለሁሉም የሚጻፍበትና ያቺ 1 የሌለችው ከሆነ ማንም አጥፍቶ በዚያው ስም የራሱን ሊያስቀምጥ ይችላል። ሆም ፎልደራችሁን 777 ካደረጋችሁት ደግሞ ኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨሩ የምትገቡበት ፕሮግራም) ቁልፋችሁን አልቀበልም ይላል፤ በሌላ ሰው ሊቀየር በሚችል ቁልፍ አይተማመንምና። ልክ ነው።

በአንድ ፕሮጀክት ላይ አብራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግሩፕ ክፈቱ፣ የፕሮጀክቱን ፎልደር ለግሩፑ ስጡና ፈቃዱን 2770 አድርጉት። 2ቷ አዲስ የሚፈጠረው ፋይል ሁሉ የግሩፑ እንዲሆን ታደርጋለች። አዲስ ፋይል ሲፈጠር የትኞቹ ፈቃዶች እንደሚነሱ የሚወስነውን «ዩማስክ»ን 007 ማድረግ አትርሱ፤ በተለመደው 022 ከተተወ ጓደኞቻችሁ ፋይሉን ያነቡታል እንጂ አይጽፉበትም። ያኔ ነው አንዱ ተናዶ 777 የሚያደርገው።

ሆም ፎልደሮችንም ፈትሹ። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት አዲስ የሚከፈቱትን 750 ማድረግ የጀመረው ከ21.04 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት 755 ነበሩ፣ ማለትም ማንም ገብቶ ያያቸዋል። በአሮጌው ጊዜ የተከፈተው ፎልደር ሲስተሙ ስላደገ አይስተካከልም።

(ስክሪን፦ ከተራ ተጠቃሚ ወደ ሩት የሚያመራ ቀስት)

አንዳንድ ፕሮግራሞች ማንም ቢያስነሳቸው በሩት ሥልጣን ይሠራሉ፤ «ሱዶ» አንዱ ነው። በእነዚህ ውስጥ ያለ ስህተት ተራውን አካውንት ወደ ሩት ያሻግራል። በጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው «ፕውንኪት» «ፒኬኤክዜክ» በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ተደብቆ የኖረ ስህተት ነበር። ለብቻችሁ የምትሠሩበት ላፕቶፕ ላይ ቢሆን ትንሽ ፋታ ይኖራችሁ ይሆናል። 200 ተማሪ የሚገባበት ሰርቨር ላይ ግን አፕዴቱ የዚያኑ ዕለት መጫን አለበት፤ ከ200 ፓስወርዶች አንዱ ተሰርቆ ከሆነ በቂ ነውና። ሰውን በዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ) ግሩፕ ማስገባትም ሩትን ከመስጠት አይተናነስም፤ ዋናውን ዲስክ ኮንቴይነር ውስጥ ማውንት አድርጎ የፈለገውን ይጽፋል።

ሆን ተብሎም ሆነ በስህተት፣ ማለቂያ የሌለው ሉፕ (ራሱን የሚደጋግም ትዕዛዝ) ማሽኑን ለሁሉም ሊያቆመው ይችላል። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የፕሮሰስ፣ የሜሞሪና የዲስክ ገደብ አስቀምጡ።

(ስክሪን፦ የተቆለፈ አካውንት፣ ከጎኑ ቁልፍ)

የቀረው ከሥራ የሚለቀው ሰው ነው። ፓስወርዱን መቆለፍ ብቻውን ኤስኤስኤች ቁልፉን አይዘጋም፤ ሰውየው ቤቱ ሆኖ ሊገባ ይችላል። የአካውንቱን የማብቂያ ቀን ወደ ኋላ አድርጉት፣ በመሥራት ላይ ያሉትን ፕሮግራሞቹን አስቁሙ፣ የክሮን ሥራዎቹን (በተወሰነ ሰዓት በራሳቸው የሚነሱትን) አጥፉ፣ ቁልፉ በጋራ አካውንቶች ውስጥ ተቀምጦ እንደሆነም ፈልጉ።

አካውንቱን ለመሰረዝም አትቸኩሉ። ሊኑክስ ባለቤትን የሚያውቀው በቁጥር ነው። በመጨረሻ የተከፈተው አካውንት ቁጥሩ 1007 ከሆነና ከሰረዛችሁት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ያንኑ 1007 ያገኛል። በጋራው ዲስክ ላይ የቀሩት የድሮው ሰው ፋይሎችም በሙሉ የእሱ ይሆናሉ። ስለዚህ አካውንቱን ዘግታችሁ አቆዩት፤ የግድ መሰረዝ ካለበትም «ፋይንድ»ን «ኖዩዘር» ከሚለው ምርጫ ጋር አስኪዱና ባለቤት አልባ የሆኑትን ፋይሎች አዲስ ሰው ከመመዝገባችሁ በፊት ለሚመለከተው አስረክቡ።