የፑንተሪያን ፊት አትንኩ

የተከበራችሁ የቮልስ ባለቤቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ባሎቻችሁ በእሁድ ቀን ጎትተው ያመጧችሁ ምስኪኖችም ጭምር፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

አዘጋጆቹ "ጋሼ፣ ዘንድሮ እባክዎ ጽፈው ይምጡ" ብለው ለምነውኛል። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። አምና በቃሌ ስናገር ምሳው ቀዘቀዘ። ይኸው ጽፌ መጥቻለሁ። ርዕስም ተሰጥቶኛል፤ "የቆየ ቮልስ አያያዝ" ይላል። ስለ ዘይት፣ ስለ ካርቡራተር፣ ስለ ዝገት እንድናገር ነው የተፈለገው። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን የእንቁላል ካርቶን ከፊት ወንበር ጀምራችሁ ተቀባበሉት። ውስጡ ስምንት ብረት አለ። እንቁላል ስላልሆነ አይሰበርም። ብቻ ቦታ ቦታቸውን አታቀያይሩብኝ፤ ቁጥር ተጽፎባቸዋል።

ስምንቱም ፑንተሪያ ናቸው። መኪናው የጀርመን፣ ስሙ የጣልያን። ጋራዥ ውስጥ ያደግን ሰዎች ሌላ ስም አናውቅለትም።

መሪ ከመያዝ ውጭ ሞተር ነክታችሁ ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ካምሻፍቱ፣ ባጭሩ ካም የምንለው ጉብታ ያለበት ዘንግ፣ ሲዞር ጉብታው ፑንተሪያውን ይገፋል። ፑንተሪያው ረጅሙን ዘንግ ይገፋል። ዘንጉ ሮከሩን፣ ያን እንደ ሚዛን የሚወዛወዘውን ክንድ፤ ሮከሩ ደግሞ ቫልቩን፣ የሲሊንደሩን በር። በቃ ይኸው ነው። ቅርጹ እንጉዳይ ይመስላል። እግሩ 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ አናቱ ሰፋ ይላል። ካሙ የሚያሸው ያንን ሰፊውን ፊት ነው።

ያ ፊት ጠፍጣፋ ይመስላል። አይደለም። መሀሉ በጣም በጥቂቱ ከፍ ይላል። እንዲሁ በዓይን አይለይም። ሁለት አዲስ ፑንተሪያ ፊት ለፊት ገጥማችሁ ወደ መስኮት ብታነሱ ግን ዙሪያውን ብርሃን ሾልኮ ታያላችሁ። ስትነኳቸውም ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ካሙ ደግሞ የሚገፋው ልክ መሀሉን ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ነው። ስለዚህ በገፋው ቁጥር ትንሽ ያዞረዋል። ፑንተሪያ ዕድሜውን ሙሉ እየዞረ ነው የሚኖረው። እየዞረ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይታሽም። መዞር ያቆመ ቀን ያ ፊት ይቦረቦራል፣ የካሙንም ጉብታ ይዞት ይሄዳል።

የኛ መኪና ላይ ደግሞ ይብሳል። ስምንት ቫልቭ አለን፤ ካሙ ላይ ያሉት ጉብታዎች ግን አራት ብቻ ናቸው። አንዱ ጉብታ ግራና ቀኝ ሁለት ፑንተሪያ ይገፋል። አንድ ጉብታ ተበላ ማለት ሁለት ሲሊንደር ታመመ ማለት ነው። ያን ለማከም ምን እንደሚያስፈልግም ታውቃላችሁ። ቮልስ ሞተሩን ለማውረድ በአራት ቡሎን ይለቃል፤ ጎበዝ ልጅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ፑንተሪያ ለማውጣት ግን የሞተሩን ገላ ለሁለት መክፈል ግድ ነው። አናቱ ሰፊ ስለሆነ በቀዳዳው ወደ ውጭ አይወጣም። ያ ማለት ፒስቶን፣ ሲሊንደር፣ ቴስታታ (የሲሊንደሩ ራስ)፣ ሁሉም ይወርዳል። ሂሳቡን ከፍላችሁ የምታውቁ እጃችሁን አታውጡ፤ ፊታችሁ ላይ ይታየኛል።

አሁን የካርቶኑን ታሪክ ልንገራችሁ።

ዘመኑ 1976 ነው። እኔ የ19 ዓመት ረዳት ነኝ፤ ጉለሌ አንድ ትንሽ ጋራዥ። አለቃዬ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ቮልስ በድምፁ ከነሕመሙ የሚለዩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ከደብረ ብርሃን አንድ መምህር መጡ። መኪናቸው ክሬም ቀለም፣ ባለ 1300 ሞተር። መምህሩ መኪናቸውን እንደ ልጅ ነው የሚያዩት። ወንበሩ ላይ እናታቸው የሠሩት ዳንቴል ነበረበት። ችግራቸው አንድ ነው፤ "ይንኳኳል" አሉ። ጓደኞቻቸው ይስቁባቸዋል። "ሙቀጫ ጭነህ ነው ወይ የምትሄደው?" ይሏቸዋል።

አለቃዬ ጆሮ ሰጡት። "መምህር፣ ምንም አልሆነ። ቫልቩ 15 ይደረግና ይሂዱ" አሉ። በሮከሩና በቫልቩ መካከል የሚተወው ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን ማለታቸው ነው። በዚያው ዕለት ለለቅሶ ወደ አገራቸው ሄዱ። መኪናዋ ከኔ ጋር ቀረች።

15 አደረግሁት። መምህሩ መጥተው አስነሱት። "አሁንም እኮ ይንኳኳል" አሉ። እኔ እንዲህ ማለት ነበረብኝ፤ "ይንኳኳ፣ ጤነኛ ነው።" ግን 19 ዓመቴ ነው። አለቃዬ የሉም። ሰውየው ደግሞ "መሐንዲሱ" ብለው ጠርተውኛል። መሐንዲሱ! በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሞተሩን አወረድኩት። ለሁለት ከፈልኩት። ፑንተሪያዎቹን አውጥቼ ሁሉንም አንድ ጣሳ ውስጥ በናፍጣ ዘፈዘፍኳቸው። የትኛው ከየት እንደወጣ ምልክት አላደረግሁም። ፊታቸውን ሳየው ጫር ጫር ያለ ነገር አለበት። ከተሰበረ መስኮት የተረፈ መስታወት አመጣሁ፣ ላዩ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘረጋሁ፣ ዘይት ጠብ አደረግሁና ማሸት ጀመርኩ። ሌሊቱን ሁሉ በኩራዝ። ሲነጋ ስምንቱም እንደ መስታወት ሆኑ። የራሴን ፊት አየሁበት። እንዴት ደስ አለኝ!

ገጠምኩት። ቫልቩን ደግሞ ድምፅ እንዳይሰማ ብዬ 5 አደረግሁት። ሞተሩ ሲነሳ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ዝም ብሎ ፍስስ አለ። መምህሩ ሳሙኝ። አሥር ብር ኪሴ ከተቱ። በዚያን ጊዜ አሥር ብር አሥር ብር ነው።

ሁለት ወር አልሞላም። መምህሩ በጭነት መኪና ተጎትተው መጡ። ሞተሩ በካርቡራተሩ በኩል ያስላል። ዳገት እምቢ ብሏል። አለቃዬ አንድ ጊዜ አስነስተው አዳመጡና ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ገና ምንም ሳይከፍቱ ነው ያወቁት። ስንከፍተው የጭስ ማውጫ ቫልቭ የሚገፋው የካም ጉብታ ክብ ሆኗል። ቫልቩ በደንብ አይከፈትም። የተቃጠለው ጋዝ መውጫ ሲያጣ በመጣበት መንገድ፣ በካርቡራተሩ ይተፋል። የ3 ቁጥር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ደግሞ በኔ 5 ምክንያት ዳሩ ተቃጥሎ ቁራሽ ዳቦ መስሏል።

አለቃዬ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ስምንቱን ፑንተሪያ ለቅመው የእንቁላል ካርቶን ውስጥ አስቀመጡና ሰጡኝ። "እነዚህን ያዝ። ካሙን ከደመወዝህ እቆርጣለሁ" አሉ። ካም ያን ጊዜ የሚገኘው ሌላ የሞተ ቮልስ ሲታረድ ነው። ሦስት ወር ፈለግን። ሦስት ወር መምህሩ በአውቶቡስ ተመላለሱ። አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በእጃችሁ ያለው ካርቶን ያ ካርቶን ነው። ካርቶኑ ራሱ ተለውጧል፤ ብረቶቹ ግን እነሱ ናቸው። ሁለቱን ገጥማችሁ ወደ መስኮቱ አንሷቸው። ዳራቸው ገጥሞ ይቀመጣል፤ ብርሃን አይሾልክም፣ ወዲያ ወዲህም አይሉም። መሀላቸው ጎድጉዷል።

ታዲያ ይህን የድሮ ጥፋት ለምን አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል። እኔ የሠራሁትን ዛሬ በገንዘብ የሚሸጡ ስላሉ ነው! ዘንድሮ ብቻ ሦስት ሞተር ከፍቻለሁ። ሦስቱም ፊቱ የተሞረደ ፑንተሪያ ነበራቸው። አንዱ እንዲያውም በግራይንደር ነው የተሞረደው፤ የድንጋዩ መስመር ይታያል። "ሞዲፋይ አደረግንልህ" ብለው ደረሰኝ ሰጥተውታል። እኔ ቢያንስ ልጅ ነበርኩ። ቢያንስ ኩራዝ ነበር መብራቴ። ዛሬ መብራት አለ፣ ስልክ አለ፣ አዲስ ፑንተሪያ ካገር ውጭ የሚያመጣ ዘመድ አለ። የቀረው ኅሊና ነው።

ግን ጣቴን ወደ ጋራዡ ብቻ አልቀስርም። ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው። አዎ፣ እናንተን! "ዝም አድርግልኝ" የሚለው ማነው? ባለቤቱ ነው። መካኒኩ ዝም ካላደረገው ሌላ ጋ የሚሄደውም እሱ ነው። ቮልስ ይንኳኳል፤ ተፈጥሮው ነው። ቀደምቶቹ 0.10፣ በኋላ የመጡት 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተሰጥቷቸው ነው የተሠሩት። ክፍተት ካለ ድምፅ አለ። ቫልቩ በጊዜ ብዛት ይለጠጣል፣ መቀመጫው ውስጥም ይሰምጣል፤ ስለዚህ ክፍተቱ እየጠበበ ነው የሚሄደው። ጠብቦ ካለቀ ቫልቩ ገጥሞ አይዘጋም። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው ሲዘጋ መቀመጫው ላይ ነው። ካልዘጋ ይቃጠላል። በተለይ 3 ቁጥር፤ በድሮዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ንፋሱን ስለሚከልልበት ከሁሉም ይበልጥ የሚግለው እሱ ነው። እንግዲህ የቮልስ ድምፅ ማታ ድንገት ጠፋ ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ጠዋት ሞተሩ በረዶ ሆኖ ሳለ ክዳኑን ከፍታችሁ ለኩ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ስለዚያ ቀን ያልተባለ ነገር የለም። መኪናው ተንኳኳ ያለ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ዝም ያለ መኪና የምትፈልጉ ሌላ ግዙ! ቮልሱን ለሚወደው ስጡት!

እሺ። ውኃ ልጠጣ።

"ጋሼ፣ ታዲያ ፑንተሪያ ጭራሽ አይነካም?" የሚል ወጣት አይጠፋም። ፊቱ አይነካም። ጎኑ ግን አንድ ነገር ይቀበላል። ዘይት ወደ ሮከሩ የሚወጣው በፑንተሪያው በኩል አልፎ፣ ክፍት በሆነው ዘንግ ውስጥ ነው። የፑንተሪያው ቀዳዳ ከዘይት መስመሩ ጋር የሚገናኘው ከፍ ዝቅ ሲል ለአፍታ ብቻ ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ቦይ በቶርኖ ትንሽ ማስፋት ያን ጊዜ ያረዝመዋል፤ ሮከሩ ዘይት ይጠግባል። እኔም ሠርቼዋለሁ። ፊቱ ላይ በጣም ቀጭን የዘይት ቀዳዳ ያለውን አዲስ ፑንተሪያም አልቃወምም። ግን ፋብሪካ የቀዳውን እንጂ በቤት መሰርሰሪያ የተበሳውን አይደለም። አዲስ ፑንተሪያ ከአዲስ ካም ጋር ነው የሚገባው። የቆየ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ወደ ወጣበት ቀዳዳ ይመለሳል። የእንቁላል ካርቶን ርካሽ ነው። አዲስ ከገጠማችሁም ሞተሩ እንደተነሳ 20 ደቂቃ ያህል በደቂቃ በ2,000 ዙር ይሂድ። ቀስ ብሎ እንዲያጉረመርም አትተዉት፤ ካሙ ዘይት የሚያገኘው ከላዩ ካለው ኮሎ፣ ፒስቶኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ፣ እየተረጨ ነው፣ በዝግታ ሲዞር ርጭቱ ያንሳል።

ክብደት ማስቀነስ የሚሉም አሉ። እግሩን ያሳጥራሉ፣ ውስጡን ይቦረቡራሉ። ለሽቅድድም መኪና ምክንያት አለው። የኛ 1600 ግን ሙሉ ጉልበቱን፣ 50 የፈረስ ጉልበቱን፣ የሚሰጠው በ4,000 ዙር ነው። እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ እሱም ይጎድላል። እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ለሚወጣ ሰው የቀለለ ፑንተሪያ ምኑ ነው?

ሃይድሮሊክ አድርጉልኝ የሚሉኝም አሉ። መጨረሻ ላይ ሜክሲኮ የተሠሩት ነበራቸው፤ እውነት ነው። ግን እነሱ የራሳቸው ካምና የዘይት ፊልትሮም ነበራቸው። የናንተ ሞተር ያለው ወንፊት ብቻ ነው። ተዉት።

ዘይት፦ 2 ሊትር ተኩል ነው የሚይዘው። ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ቶሎ ለውጡ። ዚንክ ያለበትን ምረጡ፤ ለፑንተሪያ ፊት እሱ ነው የሚደርስለት። ካርቡራተር፦ በማታውቁት ብሎን ካቻቢቴ አትስደዱ። ዝገት፦ ከባትሪው ሥር እዩ። ርዕሴን ጨርሻለሁ፤ አዘጋጆቹ ምስክር ይሁኑ።

ምሳው ገና ትኩስ ነው አሉኝ። ከምሳ በፊት ግን ካርቶኑ የት ደረሰ? ከኋላ ነው? አሳልፉልኝ። ስምንት ነው የሰጠኋችሁ።